እጮኛዬ ከትንሿ ጣቴ በምትቀጥን ገመድ ተንጠልጥሎ ይውላል!

መርካቶ ጨርቅ ተራ ገብቶ ዕቃውን ሳይዳስስ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በበኩሌ አላየሁም። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዘን አሸት አሸት እናደርገዋለን። ብርቱካኑን ጫን፣ ዳቦውን ጫን፣ ፍራሹን ጫን! ዓይናችን ያየውን እጃችን ካልመሰከረለት ብራችን ከኪሳችን አይወጣም። ችግሩ ታዲያ እጅም እንደ ዓይን የሚታለልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ዛሬ የምናወራው እጅን በደንብ አድርጎ ስለሚያታልል አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ ገመድ።

«ደግሞ ገመድ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት የ26 ዓመት አንባቢያችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፋልናለች። እጮኛዋ አሜሪካን አገር ኮሎራዶ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። ሠርጋቸው ተቆርጧል። ልጁ መጠጥ አይጠጣም፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ሌላ ሴት ጋ ሄደ የሚል ወሬም የለበትም። አንድ አመል ግን አለው፤ በየቅዳሜው ከጓደኞቹ ጋር ገደል ይወጣል። ሥራው አይደለም፤ መዝናኛው ነው! ቪዲዮውን በቴሌግራም ይልክላታል። በቀደም ደግሞ አዲስ ገመድ ገዝቶ «እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ ደስ ይላል» ብሎ ፎቶውን ላከላት። እሷ ግን ፎቶውን ስታይ ደነገጠች። ገመዱ ከትንሿ ጣቷ ይቀጥናል።

ኮሎራዶ ላይ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚህ በጋው ሰዓታቸው እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ልጅቷ እሱ ወርጄአለሁ ብሎ እስኪጽፍላት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ጥያቄዋ ይኸው ነው፤ «እሱን ልተወው ወይስ ገመዱን ላስተወው?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ከመወሰንሽ በፊት እስቲ ገመዱን እንወቀው። እናንተም ሌሎቻችሁ «እኛ ገደል አንወጣ» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉ። ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ፎቅ ላይ መስኮት የሚያስጠርግ፣ ዕቃ በገመድ የሚያስወጣ ሁሉ የሚጠቀምበት ነገር አለው።

ገመዱን አይወጣበትም!

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አገር «በገመድ ገደል ወጣ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ደብረ ዳሞ ነው። ትግራይ ውስጥ ያለው ይህ ገዳም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ይነገራል። ጻድቁን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸውም ትውፊቱ ይተርካል። ዛሬ ዘንዶው የለም፤ ገመድ ነው ያለው። ወደ 15 ሜትር የሚሆነውን ቀጥ ያለ ገደል ለመውጣት ምእመኑ አንዱን ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ እሱን ከላይ ያሉት አባቶች ይስቡታል። ሌላው ከቆዳ የተጎነጎነ ወፍራም ገመድ ነው፤ ያንን በእጁ እየጨበጠ፣ በእግሩ ዓለቱን እየረገጠ ይወጣል። ለሴት አልተፈቀደምና እኛ ሴቶች የምናውቀው ከወጡት ሰዎች አንደበት ነው።

ደብረ ዳሞ ላይ እንግዲህ ገመድ መውጫ ነው። የቆዳው ገመድ ሸካራና ወፍራም መሆኑ እጅን ያግዛል፤ ለመዳፍ ይመቻል። ወገብ ላይ የታሰረው ደግሞ ከላይ ስለሚሳብ አይላላም። ሰውየው እጁ ቢያመልጠው እንኳ ብዙ አይወርድም፤ ባለበት ይንጠለጠላል።

የኮሎራዶው ልጅ ነገር ሌላ ነው። እሱ የሚወጣው በእጁና በእግሩ ዓለቱን እየያዘ ነው። ገመዱን አይጨብጠውም፣ አይሳብበትም። ገመዱ መታጠቂያው ላይ ታስሮ ከኋላው ይከተለዋል። እየወጣ ሲሄድ ዓለቱ ላይ ባሉ ማያያዣ ብረቶች ውስጥ ገመዱን ያስገባል። ከታች ደግሞ ጓደኛው ገመዱን በመቆጣጠሪያ ብረት ይዞ ቀስ እያለ ይለቅለታል። ገመዱ ሥራ የሚጀምረው ልጁ የወደቀ ዕለት ነው። ሲወድቅ ደግሞ ባለበት አይንጠለጠልም። ከመጨረሻው ማያያዣ 2 ሜትር በላይ ከነበረ፣ እነዚያን 2 ሜትሮች ወርዶ፣ ሌላ 2 ሜትር ጨምሮ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ገመዱ የተለጠጠውን ያህል ወርዶ ነው የሚቆም። ልብ በሉ፤ ደህና ገመድ ይለጠጣል!

የማይለጠጥ ገመድ ይገድላል

ይሄ ለብዙ ሰው ግር የሚል ነገር ነው። እኛ ጠንካራ ገመድ የምንለው ንቅንቅ የማይለውን ነው። መጫኛ ሲለጠጥ ጭነቱ ይላላል፤ የልብስ ማስጫ ሲለጠጥ አንሶላው መሬት ይነካል። ለወደቀ ሰው ግን ንቅንቅ የማይል ገመድ ከሲሚንቶ ወለል እምብዛም አይሻልም። ገመዱ ባይበጠስ እንኳ ሰውየው በድንገት ሲቆም ወገቡና ውስጡ ይጎዳል፤ ማያያዣውም ሊነቀል ይችላል።

የድሮ ወጪዎች ይህን በደም ነው የተማሩት። በዚያ ዘመን ገመድ የሚሠራው ከሄምፕና ከቃጫ መሰል ተክሎች ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ድንበር ላይ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ደስታቸው ብዙም አልቆየ። ሲወርዱ አንዱ አዳለጠውና ሌሎቹን ይዞ ወደቀ፤ መሀል ላይ ገመዱ ተበጠሰ፤ አራቱ ሞቱ። የተረፉት ሦስት ናቸው። የተበጠሰው ገመድ ከያዟቸው ሁሉ ደካማው ነበር። ቁራጩ እስከ ዛሬ ዘርማት ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከፊት ለሚወጣ ሰው የነበረው ሕግ አንድ ነው፤ «አትውደቅ!»

ሕጉን የቀየረው ናይለን ነው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተሠራ። ይለጠጣል፣ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ኤደልሪድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሁለት ክፍል ገመድ አወጣ። ውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ እየተገመዱ የሚሠሩት እምብርት ነው፤ ክብደቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ይሄ ነው። ላዩ ደግሞ እንደ እጀጌ ተሸምኖ የሚለብሰው ሽፋን ነው፤ እሱ እምብርቱን ከዓለትና ከአቧራ ይጠብቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ፋብሪካ ገባ ማለት ነው!

እህቴ፣ የእጮኛሽን ገመድ ቀጭን ነው ብለሽ አትናቂው። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት እንዲህ ያለ ገመድ ገበያ ከመውጣቱ በፊት 80 ኪሎ ብረት ይታሰርበትና ወደ 5 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይለቀቅበታል። የሚይዘው የገመድ ርዝመት 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የመሰለ ከባድ ውድቀት ቢያንስ አምስት ጊዜ ሳይበጠስ መቻል አለበት። በመጀመሪያው ውድቀት የሚያሳርፈው ንጥቂያም ከ12 ኪሎ ኒውተን፣ በእኛ አነጋገር ከ1,200 ኪሎ ግድም ክብደት፣ መብለጥ የለበትም። ተራ ቅዳሜ ላይ የሚያጋጥም ውድቀት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ታዲያ አንድ ተንኮል አለ። የማይለጠጥ ዓይነት ገመድም በዚያው ሱቅ ይሸጣል። እሱ ለነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ለዋሻ ገቢዎችና ከፎቅ ላይ ተንጠልጥለው ለሚሠሩ ሰዎች ነው። መልኩ ያው፣ ሽፋኑ ያው፣ አንዳንዱም ሲዳሰስ ያው! እጅ አይለየውም። የሚለየው ጫፉ ላይ ያለው ምልክት ነው። ክብ ውስጥ 1 ቁጥር ካለበት ለብቻው የሚያገለግል የመውጫ ገመድ ነው። ክብ ውስጥ ግማሽ፣ ማለትም 1/2፣ ካለበት ከሌላ ሁለተኛ ገመድ ጋር የሚሠራ ነው። እጮኛሽ ይህን ምልክት አይቶት እንደሆነ ጠይቂው።

ወፍራም ወይስ ቀጭን?

ለብቻቸው የሚያገለግሉት ገመዶች ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ8.5 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ በዓይን ሲያዩት ኢምንት ነው፤ በእጅ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ወፍራሙ፣ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው፣ እጅ ሙሉ ነው። ከታች የሚይዘው ሰው በደንብ ይጨብጠዋል፤ በመቆጣጠሪያው ብረት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፍ። ዓለት ሲፈትገው ይችላል፤ ዕድሜውም ረዘም ይላል። ጥፋቱ ክብደቱ ነው። 60 ሜትሩ 4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ወጪው ከፍ ባለ ቁጥር ከኋላው የሚጎትተው ገመድ ይከብደዋል፤ እንደ ግትር በግ ወደ ታች ይስበዋል።

ቀጭኑ ቀላል ነው፣ ማያያዣው ውስጥ ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ወጪውን አያደክምም። ነገር ግን ለወጪው የተመቸው ሁሉ ለያዡ አይመችም። ቀጭን ገመድ፣ በተለይ አዲስ ሲሆን፣ በብረቱ ውስጥ ያሟልጫል፤ እጁ ላይ የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። በ10 ሚሊ ሜትር የለመደ እጅ 9 ሚሊ ሜትር ሲሰጡት ፍጥነቱ ያስደነግጠዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ብረት ከስንት እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚይዝ ተጽፎበታል። ከዚያ ውጭ የሆነ ገመድ ካስገቡበት ወይ ይቀረቅራል ወይ ያመልጣል። እንግዲህ «ገመዱ ቀጭን ነው ወይ?» ብሎ ብቻውን መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ማን ነው የሚይዝልህ? በምን ብረት?» የሚለው ነው።

ለስላሳ ወይስ ደረቅ?

አሁን ወደ «እንደ ሐር ይለሰልሳል» እንምጣ። ልጁ አልዋሸም። ለስላሳ ገመድ ለእጅ ደስ ይላል። ቋጠሮው ቶሎ ይታሰራል፣ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ሲጠቀለል እሺ ይላል። ደረቅና ግትር ገመድ ግን እንደ ሽቦ ይቆማል፤ ሲቋጥሩት ቋጠሮው ክፍት ክፍት ይላል፤ ማያያዣው ውስጥ ለማስገባትም ያስቸግራል። ልቅ ቋጠሮ ደግሞ በንቅናቄ ብዛት ሊፈታ ይችላል።

ፋብሪካዎቹ ይህን የእጅ ስሜት በቁጥር ለክተውታል፤ አጃኢብ ነው! ገመዱ ላይ አንድ ተራ ቋጠሮ ይቋጠራል። 10 ኪሎ ክብደት ለ1 ደቂቃ ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይቀነስና ቋጠሮው መሀል ላይ የቀረው ቀዳዳ ይለካል። ቀዳዳው ከገመዱ ውፍረት ከ1.1 እጥፍ ከበለጠ ገመዱ ደረጃውን አያልፍም። 10 ሚሊ ሜትር ገመድ ከሆነ ቀዳዳው ከ11 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከመጠን በላይ ግትር የሆነ ገመድ ጥንቱንም አይሸጥም።

ነገር ግን ለስላሳ ሁሉ ጥሩ፣ ደረቅ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ሽፋን እጅ ላይ ደረቅ ይላል፤ አቧራና አሸዋ ግን በቀላሉ አያስገባም፤ መፈተግንም ይችላል። ላላ ብሎ የተሸመነው ሱቅ ውስጥ ልብ ይሰርቃል፤ ሻካራ ዓለት ላይ ሲውል ግን ቶሎ ይንጨባረራል፣ ፀጉር ያወጣል። በየሳምንቱ አንድ ቦታ እየወጡ እየወደቁ ለሚለማመዱ ሰዎች ትንሽ ደረቅ ያለው ይመረጣል። ረጅም ገደል ለሚወጣ ደግሞ ቀለል ለስለስ ያለው። ለስላሳነት የምቾት ጉዳይ ነው፤ የጥንካሬ ምስክር ወረቀት አይደለም።

ከእኛው ሱቅ የሚሸጠውን ሰማያዊና ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ አስቡት። ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ሲነኩት ይንሸራተታል። ቋጠሮው እየተንሸራተተ ይፈታል፤ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይሰባበራል። ጄሪካን ይጎትት እንደሆነ ይጎትት፤ ሰው አይንጠልጠልበት! ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ያላችሁ ይህችን ስሙኝ።

ዝናብ፣ ዕድሜና የባትሪ ውሃ

ናይለን ውሃ ይጠጣል። የረጠበ ገመድ ይከብዳል፣ አቅሙም ይቀንሳል፤ ውርጭ ካገኘው ደግሞ እንደ ብረት ዘንግ ይደርቃል። ኮሎራዶ በረዶ ያለበት አገር ስለሆነ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ገመድ ይሸጣል። እሱ ሲነኩት የሚያሟልጭ ስሜት አለው፤ ያዡ እስኪለምደው መጠንቀቅ አለበት።

ዕድሜም አለ። አዲስ ገመድ ያሟልጫል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይገራል፤ ሲያረጅ ደግሞ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ በመታጠብም ያጥራል። አብዛኞቹ አምራቾች ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ገመድ እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዲሠራበት አይፈቅዱም። ከባድ ውድቀት የያዘ ገመድም ይሰናበታል። «ገና አዲስ ይመስላል» አይሠራም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ?

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። የመኪና ባትሪ ውሃ፣ ማለትም አሲድ፣ ናይለንን ይበላዋል። ላዩ ምንም ሳይመስል ውስጡ ያልቃል። ገመድ የመኪና ኋላ ውስጥ ከባትሪ ጋር አብሮ አይጫን፤ ባትሪ የተቀመጠበት ጋራዥ ወለል ላይም አይጣል። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ በረኪና በጭራሽ!

እጅ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው

እስካሁን እጅን ስናማ ቆየን፤ አሁን ደግሞ እናመስግነው። እጅ ገመድ ሲገዛ ይታለላል፤ ገመድ ሲመረምር ግን ወደር የለውም። ልምድ ያላቸው ወጪዎች ከመውጣታቸው በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቻቸው መሀል ቀስ እያሉ ያሳልፉታል። ምን ይፈልጋሉ? ድንገት የሚለሰልስ ቦታ፣ ጠፍጠፍ ያለ ቦታ፣ ያበጠ ቦታ። ከዚያ እጥፍ አድርገው ይይዙታል። ጤነኛ ገመድ ሲታጠፍ መሀሉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። ጭራሽ እንደ ጨርቅ ጥፍጥፍ ብሎ ከታጠፈ እምብርቱ ተጎድቷል። ነጩ እምብርት በሽፋኑ ውስጥ ከታየማ አለቀለት። በተረፈ የዘመኑ ገመድ ጤነኛ ከሆነ እንዲሁ በክብደት ብዛት መበጠሱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ጠላቱ የሰላ የዓለት ጠርዝ ነው።

እንግዲህ እህቴ...

ምናልባት ያስፈራሽ እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 አሌክስ ሆኖልድ 900 ሜትር ግድም የሚሆነውን ኤል ካፒታንን ያለ ገመድ ሲወጣ የሚያሳየው ፊልም ይሆናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈርድብሽም። ግን ያንቺው ልጅ ያንን አይደለም የሚያደርገው። በገመድ የሚወጣ ሰው «ልወድቅ እችላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ያመነ ሰው ነው። ይሄ ለትዳርም የማይከፋ ጠባይ ይመስለኛል።

ቢሆንም አደጋ የለውም አልልሽም። አለው። ስለዚህ «ወይ እኔ ወይ ገመዱ» ብለሽ በስልክ አትጩሂበት፤ ሰው እንዲህ ሲባል መዋሸት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መውጣቱን አያቆምም፤ መንገሩን ነው የሚያቆም። ይልቅ እነዚህን ጠይቂው። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ምልክት ምን ይላል? ከታች የሚይዝልህ ሰው በቀጭን ገመድ ለምዷል ወይ? መቆጣጠሪያ ብረቱ ለዚያ ውፍረት የተሠራ ነው? ከመነሳታችሁ በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ ያያል? የገመዱ ሌላኛው ጫፍስ ላይ ቋጠሮ አለ ወይ?

ይህችን የመጨረሻዋን አደራ አጥብቀሽ ጠይቂ። ገመድ አጥሮ፣ ጫፉ በያዡ ብረት ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጥቶ መሬት የወደቁ ብዙ ናቸው። ገመዳቸው አልተበጠሰም፤ ለስላሳም ይሁን ደረቅ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን ምንም ለውጥ አላመጣም። ጎድሎ የነበረው አንድ ቋጠሮ ነው።

አምስቱንም ሳይንተባተብ ከመለሰልሽ ቅዳሜ ሌሊት ተኚ። ከተንተባተበ ደግሞ ሠርጉን አትሰርዢ፤ ቅዳሜውን ሰርዢበት፤ መልሱን አጥንቶ እስኪመጣ። ሰላም ያገናኘን!